የፊተኛው ግራ ጎማ ጸሎት

የጎማ ኩሽኔታ ሲያልቅ ቀድሞ የሚያውቀው ጆሮ ነው። እጅ ይከተላል፤ ዓይን መጨረሻ ላይ ይደርሳል። መካነ ሰላም ውስጥ ትንሽ የመለዋወጫ ሱቅ አለችኝ፤ ሹፌሮች ደጄ ላይ ያቆሙና «ሀይማኖት፣ እስቲ ይቺን ስሚልኝ» ይሉኛል። ወጥቼ እሰማለሁ። ማንም ተቀምጦ አላስተማረኝም። ጎማውን በክሪክ አስነስቼ፣ አንድ እጄን ከላይ አንዱን ከታች አድርጌ እነቀንቀዋለሁ፤ ከዚያ አሽከረክረውና ጆሮዬን እሰጠዋለሁ። ጤነኛ ኩሽኔታ ዝም ይላል። ያለቀው ያጉረመርማል፣ ያንጎራጉራል፣ ሲብስበትም ይፎክራል። ሰውም እንደዚያው ነው እል ነበር፤ ሰው እያወቅሁ ስሄድ ትቼዋለሁ።

በዘጠኝ ዓመቴ ግን ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነበር፤ የአባቴ መኪና ትጸልያለች።

አባቴ አራጋው በመካነ ሰላምና በከላላ መካከል አንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ይነዳ ነበር። ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚዎች ነበሯት፤ አሥር ሰው የሚቀመጥባት፣ አሥራ ስምንት ሰው የሚሄድባት። አንድ የገበያ ቀን ቀይ አፋፍ የሚባለውን ቁልቁለት ስንወርድ ከታች ከወለሉ ድምፅ መጣ። «ኡምምምም» ይላል፤ ረጅም፣ ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ። መኪናዋ ስትፈጥን ከፍ ይላል፣ ስትዘገይ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ የሰሙት እትዬ ብርሀንነሽ ናቸው። በወር ሰባት ማኅበር የሚጠጡ ሴት ነበሩ።

«ዝም በሉ!» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «ማኅሌት ነው።»

ከፊታቸው የተቀመጡት ጨው ነጋዴዋ እትዬ ኡሙልኸይር ሻሻቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ። ትንሽ አዳመጡና፣ «አብሽሪ እህቴ፣ ይሄ መንዙማ ነው። አባቴ እንዲህ ነበር የሚሉት፣ ወላሂ» አሉ።

ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መንገድ ላይ ስንደርስ ድምፁ እጥፍ ሆነ። እትዬ ብርሀንነሽ ከመታጠፊያው ማዶ የገብርኤል ጉልላት ብቅ ሲል አዩና ተሳለሙ። እትዬ ኡሙልኸይር ደግሞ የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ቂብላ መዞሩን በጣታቸው አሳዩ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ጉልላቱም እዚያው ነው፣ ቂብላውም ወደዚያው ነው። ዛሬ በኔ ጆሮ ስመዝነው፣ ወደ ቀኝ ስንታጠፍ የመኪናዋ ክብደት ሁሉ በፊተኛው ግራ ጎማ ላይ ይወድቅ ነበር። ያለቀውም የሱ ኩሽኔታ ነበር። ያኔ ግን ይህን ቢናገሩትም የሚሰማ አልነበረም።

በሌላ አገር ቢሆን ሰው ይጣላበት ነበር። በኛ አገር ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ማካፈል ነው። ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ከክርስቲያኑ መሪጌታ ስማቸው፣ ከእስላሙ የእትዬ ኡሙልኸይር ባል። ግማሽ ቀን ተመከረና ቁልቁለቱ ለክርስቲያኑ፣ ዳገቱ ለእስላሙ፣ ሜዳው ለሁሉም እንዲሆን ተወሰነ። ከዚያ ወዲያ ስንወርድ እስላሞቹ በትሕትና ዝም ይላሉ፤ ስንወጣ ክርስቲያኖቹ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድም ቀን ድርሻውን ያለፈ ሰው አላየሁም። ጎማውን ጎንበስ ብሎ ያየ ሰውም አላየሁም።

አንድ ቀን ከላላ ስንደርስ እትዬ ብርሀንነሽ በረከት ፍለጋ የጎማውን እምብርት በመዳፋቸው ነኩ። ጮሁና እጃቸውን ሳቡ። መዳፋቸው ውኃ ቋጠረ፣ ቆዳው ተላጠ፤ ያንን ለሰባቱም ማኅበር በተራ አሳዩት። «ግለቷ የጸሎት ነው» ተባለ። የተቃጠለ ግራሶ ሽታውንም አንዱ ቅባ ቅዱስ፣ አንዱ አደስ ነው አለ። በዚያው ሰሞን ይሄነው የሚባል ሰው ከደሴ ቆንጆ መኪና ገዝቶ መጣ። ምንም ድምፅ አልነበራትም። ሰው ገብቶ አዳመጣት፤ ምንም የለም። «ይቺ እግዜር የለባትም» ብሎ ወረደ። የይሄነው መኪና እየተወለወለች ባዶዋን ትቆም ነበር።

አባቴ በዚህ ሁሉ ደስ ያለው ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ለመሪጌታ ስማቸው «ከጎማዋ አንድ ዕቃ መቀየር አለብኝ» ሲል ሰማሁት። መሪጌታው «ምላሷን ልትቆርጥ?» አሉት። አባቴ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ዕቃ አላነሳም።

እንግዲህ በዚያ ወር ከላላ ያለችው አያቴ ታመመች። እናቴ ዝናሽ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች፤ በበቅሎ አትሄድም፣ በእግሯም አትችልም።

«ቅዳሜ ይዘኸኝ ሂድ» አለችው አባቴን።

«ቅዳሜ ሞልቷል።»

«በሚቀጥለው?»

«እሱም ሞልቷል።»

«የመኪናው ባለቤት ሚስት ቦታ አጣች?»

አባቴ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ታስሮ የነበረ ጫማ ነው። ሦስት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። አገሩን ሁሉ ጭና የምትሄደው መኪና በደጃችን ስታልፍ እናቴ በሩን ይዛ ቆማ ታያለች፤ ጎረቤት ደግሞ እሷን ያያል። እኔ ምክንያቱን አገኘሁት። የምትጸልይ መኪና ላይ ሁሉ ሰው አይወጣም፤ እናቴ የማናውቀው ኃጢአት አለባት። አዝኜላት ሁለት ቀን ቁርሴን ስለሷ ጾምኩ። እሷ ወስፋት መስሏት ኮሶ ልታጠጣኝ ስትል ነው ጾሜን የፈታሁት።

አንድ እሑድ ከሰዓት መካኒኩ ጋሽ ሙሐሲን ወደ ግቢያችን መጣ። የአባቴ አብሮ አደግ ነው፤ ኮምቦልቻ ሙያ ለምዶ የተመለሰ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው። መኪናዋን ከጓሮ አስገቡ። እኔ ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ነበርኩ።

በክሪክ አስነሳት። የፊተኛውን ግራ ጎማ አናቱንና ታችኛውን ያዘና ወደ ራሱ ሳበ፣ ገፋ፣ ሳበ፣ ገፋ። ሰው ሰውን አንገቱን ይዞ ሲንጥ እንዲያ ነው። መኪናዋ «ቋ፣ ቋ» አለች። እንባዬ መጣ።

«ሰማህ?» አለው አባቴን። «ይሄ ጸሎት ነው?»

ጎማውን አሽከረከረው። ረጅም ካቻቢቴ አወጣና ጫፉን እምብርቱ አጠገብ ካለው ብረት ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ብዙ ቆየ።

«አልቋል» አለ። «ዱቄት ሆኗል። እስካሁን የያዘው የአላህ ቸርነት ነው።»

«ቀስ ብዬ እኮ ነው የምነዳ።»

«ቀስ ብለህ ገደል ብትገባ ቀስ ብለህ ነው የምትሞት?»

አባቴ የክሪኩን እጀታ አነሳ።

«ዝናሽን ለምን አታሳፍራትም?» አለው ሙሐሲን።

«እርጉዝ ናት።»

«የኡሙልኸይር ምራትም እርጉዝ ናት። ትናንት ጭነሃታል። አየህ፣ አውቀሃል። የራስህን ሚስት በማታስቀምጥበት ላይ የሰው ሚስት ታስቀምጣለህ። ኩሽኔታው ብቻ አይደለም ያለቀው፣ አራጋው።»

አባቴ በክሪኩ እጀታ መሬቱን ጫረ። «ዝም ካለች ሰው ሁሉ ወደ ይሄነው ነው የሚሄድ» አለ።

«ይሂድ። በሕይወት ያለ ሰው ነው የሚሄድ። አዲሱን አምጥቼልሃለሁ። ሐሙስ ሚካኤል ነው፤ የናንተዎቹ ደብር ይውላሉ። የኛዎቹ ደግሞ ሰደቃ አለባቸው። ማንም ሳያይ ዝም እናሰኛታለን።»

ቃሉን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ዛሬም አንዱ አልጠፋኝም። የተረዳሁት ግን ይህን ነው፤ ጋሽ ሙሐሲን ሐሙስ መጥቶ መኪናዋን አንቆ ዝም ሊያሰኛት ነው፣ አባቴም ተስማምቷል፣ ምክንያቱም እናቴ ኃጢአተኛ ናት። ሙሐሲን ያመጣው አዲስ ዕቃ በዘይት ወረቀት ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ገባ። እኔም ማታውኑ ለሚካኤል ተስዬ፣ በማግስቱ ከወረቀቱ አውጥቼ ማንም የማያስብበት ቦታ ደበቅሁት።

የሚቀጥሉትን ቀናት ያየ ሰው ሁለት ትልልቅ ሰዎች አብደዋል ይል ነበር። አባቴ አልጋ ሥር ይገባል፣ ይወጣል። ሙሐሲን ሻንጣውን ይገለብጣል።

«ምን ጠፋባችሁ?» ትላለች እናቴ።

«ምንም» ይላሉ ባንድ ላይ።

«ምንም ካልጠፋባችሁ ምነው ጓዳዬን አመሳችሁት?»

ሐሙስ አለፈ። ሚካኤል ስለቴን ሰማኝ ብዬ ተደሰትኩ። ስለት ግን ዕቃ የደበቁበትን ቦታ አይመርጥም። እኔ የደበቅሁት ተልባ ጣሳ ውስጥ ነበር፤ ነፍሰ ጡር ሴት በሳምንት ስንት ጊዜ ተልባ እንደምትጠጣ አልጠየቅሁም።

ዓርብ ጠዋት እናቴ ከጓዳ ወጣች። ኩሽኔታውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላዋለች፤ ተልባው በግራሶው ላይ ዙሪያውን ተለጥፎበት የሙሽራ ጌጥ መስሏል።

«ቤቴን የፈተሻችሁት ለዚች ነው?»

አባቴ ከመቀመጫው ተነሳ። «የት አገኘሻት?»

«ተልባዬ ውስጥ። ምንድን ናት?»

አባቴ እኔን አየኝ። እኔ ግድግዳ አየሁ። ከዚያ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት፤ ድምፁ ከምን እንደሚመጣ፣ ጎማው ከነእምብርቱ ሊወጣ እንደሚችል፣ ቀይ አፋፍ ላይ ቢወጣ ምን እንደሚሆን። «ላንቺ ፈርቼ ነው ያላሳፈርኩሽ» አላት።

«ለኔ ፈራህ።»

«አዎ።»

«ለእትዬ ብርሀንነሽስ?»

አባቴ ወደ ጫማው ጎንበስ አለ።

«ለዚያች ለእትዬ ኡሙልኸይር ምራትስ?»

እናቴ በቀስታ ቁጭ አለች፤ አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነበር።

«እኔ ሦስት ሳምንት ጠልቶኝ ነው እያልኩ ነው ያደርኩ» አለች። «ብትጠላኝ ይሻል ነበር፣ አራጋው። ዛሬውኑ ትቀይራታለህ። ነገ ፊት ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

«ዝም ስትል ሰው ይወርዳል።»

«ይውረዳ። በእግሩ ከወረደ ምን አለ!»

ከዚያ ወደኔ ዞረችና ጆሮዬን ያዘች፤ ያቺኑ ዛሬ እንጀራ የምበላባትን ጆሮ። «አንቺስ ምን ቆርጦሽ ነው?» አለችኝ። «መኪናዋ እንዳትሞት ብዬ» አልኳት። ጆሮዬን ለቀቀችኝ። አባቴን አየችው፤ ከኔ ይልቅ እሱ ነው ያፈረው።

ሙሐሲን ከጁምዓ እንደወጣ መጣ። እናቴ በጓሮው ገመድ ላይ ሁለት ጋቢ አሰጣች፤ ከመንገድ የሚያይ እንዳይኖር። ከጋቢው ጀርባ መዶሻ ይሰማል። በዚያው ሰዓት እትዬ ብርሀንነሽ ከአጥሩ በር ተጣሩ።

«ዝናሽ፣ አላችሁ? ጎኔን ወግቶኝ መኪናዋን ልሳለማት ነበር።»

«ዛሬ አይሆንም እትዬ» አለች እናቴ መንገዱን ዘግታ። «ንስሐ እየገባች ነው።»

መዶሻው ቆመ። እትዬ ብርሀንነሽ አሰቡ።

«ማን ይዟት?»

«የነፍስ አባቷ።»

ከጋቢው ጀርባ ሙሐሲን ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሰይ፣ ደግ አደረጋችሁ» አሉ እትዬ ብርሀንነሽ። «ቀኖናው እንዳይከብድባት ንገሩልኝ። አሮጌ ናት» ብለው ሄዱ።

እናቴ ውሸት አትወድም ነበር። ማታ ስትሰግድ አየኋት፤ ከወትሮው አሥር ጊዜ ያህል ጨመረች።

የወጣውን ኩሽኔታ ሙሐሲን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ኳሶቹ ጎድጉደው፣ ቀለበቱ ጠቁሮ እንደ በሰበሰ ጥርስ ሆኗል። «ዝማሬያችሁ ይቺ ናት» አለኝ። እኔም ገድሎ ሬሳውን ሰጠኝ አልኩ በልቤ።

ቅዳሜ ሆነ። እናቴ ፊት ተቀመጠች፤ እኔን እግሮቿ መካከል ከተተችኝ፣ ጀርባዬ ሆዷ ላይ አረፈ። ኋላ እንደ ወትሮው አሥራ ስምንት ሰው ታጭቋል። ከከተማ ወጣን። ድምፅ የለም። ሜዳውን ጨረስን። ድምፅ የለም። ከኋላ ሰው መተያየት ጀመረ።

«ምነው ዛሬ?» አሉ እትዬ ኡሙልኸይር።

«ትናንት ንስሐ ገብታለች» አሉ እትዬ ብርሀንነሽ። «አርምሞ ይዛ ይሆናል።»

«እስኪ ቁልቁለቱ ይምጣ። ቁልቁለቱ የናንተ ነው፤ እኛ የምንጠይቃችሁ ዳገቱን ነው።»

ቀይ አፋፍ መጣ። መኪናዋ መውረድ ጀመረች፤ ዝም፣ ጭጭ። የጎማው ጠጠር መርገጥ ብቻ ይሰማል። አንድ ድምፅ ከኋላ «አራጋው ምን አድርጓት ነው?» አለ። ሌላው «አቁምና እንውረድ፣ ይሄነው ከኋላ እየመጣ ነው» አለ። የአባቴን ፊት አየሁት። ከግንባሩ እስከ አገጩ በላብ ርሷል። ዝም ብላ የምትሄድ መኪና መንዳት የለመደ ሰው አይመስልም ነበር። አንድ እግሩ ወደ ፍሬኑ ሄደ።

መታጠፊያው ላይ ደረስን። ያኔ ነው ጀርባዬ ላይ የሰማሁት፤ በጆሮዬ ሳይሆን በአከርካሪዬ። «ኡምምምም።» ከእናቴ ሆድ ውስጥ ነው የመጣው። ዞሬ አየኋት፤ አፏ ተዘግቷል፣ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው፣ ጉሮሮዋ ላይ ግን አንዲት ሥር ትንቀጠቀጣለች። እኔ የተረዳሁት መኪናዋ በእናቴ በኩል አለፈች፣ ኃጢአቷም ተሰረየላት ብዬ ነው። ደስታዬን እንኳን ያኔ፣ ዛሬም አልቻልኩትም።

«አለች! አለች!» አሉ እትዬ ብርሀንነሽ፤ እሳቸውም ሳያውቁት ተቀበሏት። ከሳቸው ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ፣ ከዚያ ሌላው፣ አፍ ሁሉ ተዘግቶ። ማንም አልዘመረም፤ ሁሉም ከመኪናዋ የሰማውን ብቻ ነው የሚል። እትዬ ኡሙልኸይር ድርሻቸው አልነበረምና እስከ ወንዙ ታገሡ፤ ዳገቱ እንደ ጀመረ ከነወገናቸው አነሱት። መኪናዋ እንደዚያ ቀን ጸልያ አታውቅም። የአባቴ እግር ከፍሬኑ ወረደ።

ወንድሜ ወንድዬ ከወር ገደማ በኋላ ከላላ ተወለደ። አያቴ ታቅፋው ነው ያረፈችው። ዛሬ አስተማሪ ነው፤ መኪና ውስጥ ያለቀ ኩሽኔታ ሲያንጎራጉር ከሰማ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሹፌር ያልሆነውም ለዚሁ ነው።

መኪናዋ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ጸለየች። በዓመት አንዴ ሙሐሲን በክሪክ ያስነሳታል፣ ይነቀንቃታል፣ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ አድርጎ ይሰማል፤ ምንም የለም። «ታዲያ ሰዉ የሚሰማው ምኑን ነው?» ይለው ነበር አባቴን። አንድ ጊዜ መናኸሪያ ሞተሯ ጠፍቶ ቆማ ሳለ ስትጸልይ ሰማናት ብለው የማሉ አሉ። ሙሐሲን ሳቀባቸው። ከዚያ በአንድ ረመዳን ተሳፍሮ ሲሄድ አየሁት። ዳገቱ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጭንቅላቱን እያወዛወዘ፣ ከሁሉም በላይ ያጉረመርም ነበር። ከመኪናዋ ስንወርድ «ሰማሽ?» አለኝ። ሰምቻለሁ አልኩት።

አባቴም ሙሐሲንም የሉም። እትዬ ብርሀንነሽ አሉ፤ ዘጠና አልፈዋል። በመዳፋቸው ጠባሳ ዛሬም ሰው ይዳብሳሉ፣ የአሁን መኪና አይጸልይም ይላሉ። ያ አሮጌ ኩሽኔታ ሱቄ መደርደሪያ ላይ ነው። ዋጋ የሚጠይቅ አለ፤ አልሸጠውም።

ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ጾም፣ ዝናቡ ጋብ ብሎ እናቴ ደጅ ተቀምጣ ስትሞቅ፣ ሠላሳ ዓመት የያዝኩትን ጠየቅኋት። «እማ፣ በዚያ ቀን ቀይ አፋፍ ላይ የጀመርሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

«እኔ?» አለች። «ምን ቆርጦኝ! ከመኪናዋ ተቀብዬ ነው።»

«እማ፣ ኩሽኔታው አዲስ ነበር እኮ። በእጄ ይዤዋለሁ። አንቺው ነሽ ከተልባ ጣሳ ያወጣሽው።»

«አዲስ ነበር። እና?» ነጠላዋን ወደ ፀሐይ ገለጥ አደረገች። «ሻጭ ስለሆንሽ ነው ድምፅ ሁሉ ከኩሽኔታ የሚመጣ የሚመስልሽ።»